መጠይቅ ቁጥር አርባ ሰባት

ርእሴ ረጅም ነው፣ አንድ ትንፋሽ አይጨርሰው፤
የዶክተር ቪልያፍሎር ቀይ ብዕር ሦስቴ ያፈረሰው፦
«በኢሎይሎ ጠረፍ ባሉ ጥቃቅን ሱቆች
የዱቤ ሽያጭና የትርፍ ትስስሮች።»
አክስቴ ሉርዴስ ሰምታ፣ የሰርዲን ጣሳ እየደረደረች፣
«አራት ዓመት የከፈልንልሽ ለዚህ ነው?» ብላ ሳቀች።
«በነጻ በነገርኩሽ፣ ያውም በአንድ ሌሊት፣
መብራት ሲጠፋብን፣ ሱቁን በጊዜ ዘግተን፣ በዝናብ ወራት።»

ናሙናዬ ስልሳ ሰው፤ በቀመር ወጥቶ፣ ተሰልቶ።
(ቀመሩን ኔስቶር ሰጠኝ፣ እሱም ካምና ተመራቂ በዱቤ አምጥቶ።)
ሃያ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱም አምስት ሳጥን፣
ከ«በጣም አልስማማም» እስከ «በጣም እስማማለሁ»፣
የሰውን ሆድ የሚመጥን።

ትራይሲክል ተሳፍሬ፣ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ፣
ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ ሦስት ሳምንት፣ እርጥብ ጫማዬን አዝዬ።
አንዷ «የግብር ሰው ነሽ?» ብላ መዝጊያዋን ፊቴ ላይ ዘጋች፤
አንዷ ለሁሉም «ሦስት በይው» አለች፣ ሩዝ እየሰፈረች።
አንዱ ልጁን እንዳገባ ጠየቀኝ፣ በመጠይቁ ጀርባ ስሙን ጽፎ፤
ልጁ፣ አልዋሽም፣ ደህና ነበር፤ ሲያየኝ ሸሸ እንጂ በአጥር አልፎ።

አርባ ሰባተኛው ኖንግ ሲሪሎ ነበር፣ ከወደቡ ማዶ፤
መንጠቆና ላምባ ይሸጣል፣ ከባሕሩ ዝምታን ለምዶ።
አነበብኩለት፦ «ጥያቄ አሥራ ሁለት።
ዕዳ የማይከፍሉ ደንበኞች ካሉ፣ ከመዝገቤ እሰርዛለሁ ስማቸውን።»
መነጽሩን አወለቀ። ዝናቡ ቆርቆሮውን መታ።
ከዚያ ደብተሩን ሳበ ከሩዙ ጆንያ ጀርባ፣ ጨው ነክቶት ጠርዙ የተፈታ።

«ይሄ ዶሮቴዎ ነው» አለ። «ሁለት ሊትር ላምባ፣ አንድ ጥቅል ክር።
ኅዳር በማዕበሉ ዋዜማ ወጣ፤ ጀልባዋን አልመለሰልንም ባሕር።
ሚስቱ ፊሎሜና ትመጣለች ቅዳሜ ቅዳሜ፤
ሃያ ፔሶ ታስቀምጣለች። እጽፋለሁ፣ አንገቴን ሰብሬ ቆሜ።
ሊያልቅ ሲል ግን ዕዳው፣ ጥቂት ሲቀረው ሊዘጋ፣
ትንሽ ጨው፣ አንድ ሻማ ትወስዳለች፤
‹በዶሮቴዎ ስም ጻፈው› ትለኛለች፣ ድምጿ ሳይናጋ።
ስድስት ዓመቱ። እና የቱ ሳጥን ነው ልጄ? ከአምስቱ የቱ?
የተማርሽ አንቺ ነሽ፤ ምልክት አድርጊልኝ በእውነቱ።»

ዕዳ ከሜዳ ይሉታል፤ ይህኛው ከባሕር ነው የመጣ፤
እስክሪብቶዬ ሳጥኖቹ ላይ ዞረ፣ ዞረ፣ መግቢያ አጣ።

ሌሊት ኮምፒውተሩ ላይ ኮዱን መታሁ፦ ዘጠና ዘጠኝ።
«መልስ የለም» ማለት ነው፤ ሶፍትዌሩ አልፎት ሄደ፣ ምንም አልጠየቀኝ።
ውጤቱ ጥሩ ወጣ፤ ዱቤ ትርፍ ይቀንሳል፣ በግልጽ፣
ከዜሮ ነጥብ ዜሮ አምስት በታች፤ ኮከብ አለው በየገጽ።

የዲፌንሱ ቀን፣ የተዋስኩት ጥቁር ጃኬት ብብቴን እየበላኝ፣
ከፈታኞቹ ሸምገል ያሉት «ስልሳ ብለሽ ሃምሳ ዘጠኝ?» አሉኝ።
«የአንዱ መልስ አልተሟላም» አልኩ።
ልጨምር አፌን ከፈትኩ።
ጨውና ሻማ የያዘች ሴት ከፕሮጀክተሩ ብርሃን ፊት አለፈች።
«ሰዓትሽ አልቋል» አሉ።

አለፍኩ፣ በጥቃቅን ማስተካከያ፦ ኅዳጉ ይስፋ፣ ዋቢ ይጨመር፣
ምዕራፍ አምስት ላይ «ሱቆች ዱቤ ያቁሙ» የሚለው ምክር ይጠንከር።

ለጥራዙ ስድስት መቶ ፔሶ ጎደለኝ፤ አምስት ቅጂ፣ ወርቅማ ፊደል።
አክስቴ ከመሳቢያዋ ቆጥራ ሰጠችኝ፣ እያጉረመረመች፣ ያለ ውል።
ከዚያ ደብተሯን ገለጠች፤ ከሰርዲኑ በላይ፣ ከሳሙናው በታች፣
«ሮሴንዳ፣ ጥራዝ፣ ስድስት መቶ» ብላ በእርሳስ ጻፈች።

ደመወዝ ከያዝኩ ሁለት ወሬ ነው። ገንዘቡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ሙሉው።
ቅዳሜ ሄጄ አምስት መቶ ሰማንያ ከፈልኳት።
ቆጠረችው። ቀና ብላ አየችኝ።
ሃያ ቀረ።